ምርኩዙ ጥሩ ነው ያልኩ ዕለት

ይህን ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገረው፤ ቢያንስ ፊታችሁን አላይም።

ጉለሌ ዳገቱ ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ግራ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዘኝም፤ ዳገቱን የምወጣው የሰው አጥር እየያዝኩ ነው። አንድ ቀን አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጡ። ሊዲያ የምትባለው፣ «እትዬ ዘይነባ፣ ለዳገት የሚሆን ምርኩዝ ልንሠራ ነው። የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ያሉንን ነው የምንሠራው» አለችኝ። ወላሂ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለኝ ሰው አልነበረም! አረማመዴን በስልክ ቀረጹ፤ ያልኩትን ሁሉ ጻፉ። ጫፉን ሰፊ ጎማ ሊያደርጉለት ሲያስቡ፣ «ኧረ በጭራሽ! በሽተኛ ልታስመስሉኝ ነው? ቀጭን ይሁን» አልኩ። እሺ ብለው ቀጭን አደረጉት።

ሠርተው ሲያመጡልኝ ሁለት ሳምንት እንድሞክረውና የሆነውን ሁሉ ደብተር ላይ እንድጽፍ ነገሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ ጫፉ ሸርተት አለብኝ። የሰው በር ይዤ ነው የተረፍኩት። ምርኩዙን ከዱቄት ጆንያ ኋላ ሸጎጥኩት። ደብተሩን ግን ሞላሁት። «ዛሬ ገበያ ሄድኩበት፤ በጣም ጥሩ ነው።» «ዛሬም ሄድኩበት፤ አልሐምዱሊላህ።» አልሄድኩበትም! አንድም ቀን!

ለምን ዋሸሁ? ልጆቹ የለፉበትን እንዴት አይረባም ልበላቸው፣ ይሉኝታ ያዘኝ፣ እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ምን ይሉኝታ! ቀጭን ይሁን ያልኩት እኔ ነኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ አዋቂ ተብዬ፣ ተሳስቻለሁ ማለት ሞት ሆነብኝ።

ተማሪዎቹ ሊጠይቁኝ በመጡበት ቀን ጎረቤቴ እማማ አስካለ ሱቅ ውስጥ ነበሩ። «ጥሩ ነው፣ ምንም አይወጣለትም» ስል ሰሙ። «እንግዲያማ ለእኔም ሥሩልኝ፣ ቸርች የምወርድበት» አሏቸው። ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እማማ፣ ይቅርብዎት፣ ያንሸራትታል ብል ምን እሆን ነበር? አፍር ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አልሆንም። ዝም አልኩ። እያየኋቸው ዝም አልኩ።

ተማሪዎቹ የእኔኑ ዓይነት ሠርተው ሰጧቸው። በያዙት በሁለተኛው እሁድ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ቸርች ሲወርዱ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ይኸው እስከ ዛሬ ከደጃፋቸው አልፈው አያውቁም። ልጠይቃቸው ስገባ ምን እንደሚሉኝ ታውቃላችሁ? «እግሬ ነው የከዳኝ። ዕቃውማ አንቺም የመሰከርሽለት ነው። ስለምትጠይቂኝ ጌታ ይባርክሽ።» አሜን እላለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ አሜን የምል!

ሊዲያ ወሬውን ሰምታ እያለቀሰች መጣች። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። የጠየቅነውን ሁሉ ደግመን አየነው፤ ምን እንዳመለጠን ግን አልገባንም።» ያቺን ልጅ አቅፌ፣ እንባዋን በሻርፔ ጠርጌ፣ «አይዞሽ፣ አላህ ያመጣው ነው» አልኳት። እኔ ያመጣሁትን!

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእማማና የሊዲያ ነው፤ እነሱ ደግሞ ይቅር የሚሉኝ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቁም።