የጉና ድንችና ቀላሉ ብረት

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ከጋፋት ወረድ ብሎ የነበረው ቤታችን ከሰል ከሰል ይሸት ነበር። አባቴ ባለእጅ ነው፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። አንድ ክረምት ጉና ላይ የጣሊያን አውሮፕላን ወደቀ። አባቴም እንደ ሌላው ሰው ሄዶ ስብርባሪውን በበቅሎ ጭኖ አመጣ። ብረቱ ነጭ ነው፤ ሲያነሱት እንደ ደረቅ ቅል ይቀላል።

ኋላ የአውሮፕላኑ ብረት የተገኘበት ሰው ይሰቀላል ተባለ። ፈታሾች ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። አባቴ ልቅበረው እንዳይል፣ ፈታሾቹ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሁሉ ይወጋሉ። አባቴ አቅልጦ የአንገት መስቀል ሊያደርገው ቆረጠ።

ሁለት ለስላሳ ድንጋይ ላይ የመስቀል ቅርጽ ፈልፍሎ ገጠማቸውና ከላይ ቀዳዳ ተወለት። እኔ ወናፉን እነፋለሁ። ብረቱ ቶሎ ይቀልጣል፤ ግን ቀጭኑ ክንድ ጋ ሳይደርስ ይረጋል። ድንጋዩ ሲከፈት ክንድ የሌለው መስቀል ይወጣል። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው።

«ገፊ ይፈልጋል» አለ አባቴ።

እናቴ ድንች እየላጠች ነበር። «ማን ይግፋልዎ እንግዲህ? እኔ አፌን ደቅኜ ልንፋው?»

አባቴ ድንቹን ከእጇ ወሰደ። ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እንጨት ላይ ሰካው። ብረቱን እንዳፈሰሰ በእርጥቡ ፊት ቀዳዳውን ደፍኖ ተጫነው። ድንቹ ቸስ አለ። መውጫ ያጣው እንፋሎት ብረቱን ወደ ታች ገፋው። ሲከፈት መስቀሉ እስከ ክንዱ ጫፍ ሞልቷል።

ፈታሾቹ ሲመጡ ብረቱ አልቆ መስቀሎቹ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አብሯቸው የመጣው ባንዳ አንዱን በእጁ መዘነው።

«አንተ ቀጥቃጭ፣ ይኼ ምነው ቀለለ?»

«የድሃ መስቀል ነው ጌታዬ። ከአሮጌ ድስት ነው የሠራሁት።»

ባንዳው አባቴን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ መስቀሉን አንገቱ ላይ አሰረና ፈታሾቹን አስከትሎ ወጣ።

ማንም አላለቀሰ፤ ተመስገን ያለም የለም። እናቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። እኔ ራበኝ።

አሁን የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ፋብሪካ ውስጥ ይህንኑ ብረት ያቀልጣል። ማሽኑ የቀለጠውን በኃይል ገፍቶ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይከተዋል አለኝ፤ ዓይን ጨፍነው ሳይገልጡ ይሞላል፣ ይረጋል፣ ቅርጹ ይከፈትና ዕቃው ይወድቃል።

«የመጀመሪያ ቀን ፈርቼ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ዋለ፣ እማማ» ብሎ ሳቀ።

ቀናሁበት። ፈታሾቹ የመጡ ቀን መንቀጥቀጥ ሲገባቸው ዝም ያሉት የኔ እግሮች፣ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ናቸው።