ቃለ ጉባኤ ውስጥ ያልገባው ንግግሬ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ኪሰንዪ ሰፈር፣ በሰብሳቢው ሱቅ ጓሮ የተገኙት የዕድራችን ኮሚቴ አባላት አራት ነበሩ። ሰብሳቢው በሱቁ የኋላ በር ላይ፣ ምግብ ቤት ያላት ምክትሉ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ የዕድሩን ዕቃ የሚጠብቁት ሽማግሌ ግድግዳው ጥላ ሥር፣ ጸሐፊው ደግሞ ደብተሩን የስኳር ጆንያ ክምር ላይ ዘርግቶ። በኮሮና ምክንያት ተራርቀን ነበር የቆምነው። እኔ የዕድሩ አባል እንጂ የኮሚቴው አባል ስላልሆንኩ ከውጭው በር ሥር ቆምኩ።

የመጣሁት ስሜ ከመዝገቡ እንዳይሰረዝ ነው። ባለቤቴ ቤት ተኝቷል፤ ሐኪሙም ብዙ እንደማይቆይ ነግሮኛል። በዚህ ከተማ ዘመድ የለንም። ዕድሩ ካልቀበረው ሣጥኑን የሚሸከምልኝ ሰው የለም።

ጥፋቴ ከሦስት ቀብር መቅረቴ ነው። ለቀብር የሚፈቀደው ጥቂት ሰው ስለነበር ዕድሩ አባላቱን በተራ ይጠራ ነበር። ተራዬ ሦስት ጊዜ ደረሰ፤ ሦስቱንም ጊዜ ታክሲ ቆሞ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲም ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ ነበር። ደንቡ ግን ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል ይላል።

«የኮሚቴ አባል ያልሆነ ሰው የሚናገረው ሲፈቀድለት ነው» አለ ሰብሳቢው። «እትዬ፣ ፈቅደናል፤ አጠር ያድርጉልን።»

አንደኛውን ቀን በእግሬ ተነስቼ ከግማሽ መንገድ እንደተመለስኩ ተናገርኩ።

«ከቤትዎ ከሙየንጋ እስከዚህ እኮ ቁልቁለት ነው» አለች ምክትሏ። «ቢንከባለሉም ይደርሱ ነበር።»

ሽማግሌው ማስካቸው ውስጥ ሳቁ።

«የመለሰኝ ወታደርም የቆመው ቁልቁለቱ ላይ ነበር» አልኳት። እናቷ የሞቱ ጊዜ ሦስቱንም ቀን አጠገቧ ተቀምጫለሁ። አላነሳሁባትም።

«በቃ፣ ሰምተናል» አለ ሰብሳቢው። «አሁን ይውጡልንና እንነጋገርበት።»

«ወታደር እንደመለሰኝ ይጻፍልኝና እወጣለሁ።»

ኮሚቴው ያግዳል፣ የታገደ ሰው ቤተሰብም በዕድሩ አይቀበርም፤ ስም የሚሰርዘው ወይም የሚመልሰው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጉባኤው ደግሞ የሚያየው ቃለ ጉባኤውን ብቻ ነው።

ጸሐፊው ቀና አለ። «እትዬ፣ የኮሚቴ አባል ያልሆነ ሰው የተናገረው አይጻፍም። እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ።»

እውነቱን ነው። ከእሱ በፊት ስድስት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። የመጣው ሁሉ ያለውን ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም ነበር። አንዲት ሴት የታመመ ልጇን ትታ መምጣት እንዳልቻለች እንድጽፍላት ለምናኝ፣ ደንብ አይደለም ብዬ እስክሪብቶዬን ከድኛለሁ።

«እሱ ደንብ ውስጥ የለም» አልኩት። «ፈልገህ አታገኘውም። እኔ ነኝ የጀመርኩት።»

«ለሌላው ሲሆን ደንብ፣ ለእርስዎ ሲሆን የለም?» አለች ምክትሏ።

ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ።

«ጠቅላላ ጉባኤው መቼ ነው?» አልኩ።

«ስብሰባ ሲፈቀድ» አለ ሰብሳቢው።

«ባለቤቴ ከዚያ በፊት ቢሞትስ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ጸሐፊው ገጹን ገለጠ።

«እስከዚያ ታግደዋል። ሁለተኛ አጀንዳ» አለ ሰብሳቢው።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።