የላይ ቤቱ ባግፓይፕ ነፊ

ከሰበታ የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ሻንጣዬ ታክሲ ላይ ሲጫን የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ። ከታች ሰፈር አንድ አዛውንት አርፈው ነው። ሊሸኙኝ ከመጡት ጎረቤቶች ግማሾቹ «ክፉ ምልክት ነው፣ ነገ ትሂድ» አሉ፤ ግማሾቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ለቅሶ ቤት ሮጡ። እናቴ ብቻ ንቅንቅ አላለችም። «ሰው የማይሞትበት ቀን ተፈልጎ ሊኬድ ነው? መኪናው ውስጥ ግቢ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!» ብላ ጀርባዬን ገፋችኝ። አላለቀሰችም። እኔ ግን እስከ ዓለም ገና ድረስ ስነፋረቅ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገብኝ።

የመጣሁት ስኮትላንድ ነው፣ ግላስጎው የሚባል ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልሠራ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬን የፈተሸው ሰውዬ በሶዬን ፈቶ፣

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ምግብ ነው። ገብስ።»

«በምን ይበላል?»

«በውሃ።»

«ሌላስ?»

«ስኳር ካለ።»

አዘነልኝ መሰለኝ፣ መልሶ ቋጥሮ ሰጠኝ።

ብርዱን አትጠይቁኝ። የሱሉልታን የኅዳር ብርድ አውቃለሁ፣ አክስቴ ጋ ከርሜበታለሁ። ያ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይሉኝታ አለው፣ ይሄዳል። የዚህኛው ከዝናብ ጋር ተጋብቶ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። ሰላምታቸውም «ዩ ኦልራይት?» ነው፤ መልስሽን ሳይሰሙ ያልፋሉ። እኛ ጋ «አካም ጅርታ» ከተባለ የከብቱ ደህንነት ሳይጠየቅ ማን ይለቅሻል!

የምሠራው የማታ ፈረቃ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ እገባለሁ፣ ሻይ ጠጥቼ እተኛለሁ። ሰዓት የምቆጥረው በአገሬ አቆጣጠር ነው፣ እሱን አልተውኩም። ቤቱን በተከራየሁ ማግስት፣ እንቅልፉ ጥፍት እንዳደረገኝ፣ አራት ሰዓት ላይ ጥሩምባ ሰማሁ። በቃ፣ ሰው ሞቷል! ከአልጋዬ ዘልዬ ነጠላዬን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አድርጌ ወደ ደረጃው ወጣሁ። አንዲት ጎረቤት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ አገኘኋት።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም። ኢያን ነው፣ የላይ ቤቱ። ባግፓይፑን እየነፋ ነው።» ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ፓርቲ አለሽ?» አለችኝ።

ባግፓይፕ ማለት፣ ላላያችሁት፣ ስልቻ ነው። በብብት ታቅፈው፣ በአፍ እየነፉ፣ በክንድ ሲጨምቁት በተሰኩበት ቱቦዎች ይጮኻል። ሰውየው ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ ስልቻው አያርፍም። እዚህ ያለን ሐበሾች በሱ ጉዳይ አንስማማም። የሱሉልታው ጋሽ ሙላት «ልብ ያነሳል፣ ፎክር ፎክር ይለኛል» ይላሉ። የተፍኪው ኦቦ ለማ፣ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ «ሆዷን የተነፋች ላም ነች» ብለው ጆሯቸውን ይይዛሉ። የአገሬው ሰውም እንደዚያው ነው፤ ሠርግ ላይ ሲነፋ ያለቅሳል፣ መንገድ ላይ ሲነፋ መስኮት ይዘጋል።

ለእኔ ግን የወግ ጉዳይ አልነበረም። በየቀኑ አራት ሰዓት ይነፋል። እንቅልፍ አጥቼ ሥራ ላይ ወንበር ላይ አንቀላፋሁና አለቃዬ ደረሰችብኝ። «ሁለተኛ እንዲህ ካየሁሽ ትሰናበቻለሽ» አለች። የእኔ ቪዛ ከሥራዬ ጋር የተሰፋ ነው፤ ሥራው ሲሄድ እኔም እሄዳለሁ። ሰበታ ተመልሼ «ስልቻ አባረረኝ» ልበል?

አከራዬ ጋ ደወልኩ። ድሮ ቡራዩ ተከራይተን ስንኖር አከራያችን ሽንኩርት ስንከትፍ ሰምታ «እንግዳ መጣባችሁ እንዴ?» ትል ነበር። የዚህኛውን መልኩን እንኳ አላውቀውም።

«የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት ለአንድ ወር እየጻፍሽ ለማዘጋጃ ቤት ላኪ፤ ይከሰሳል» አለኝ።

«ወሩን ሙሉ ሳልተኛ?»

«ማስረጃ ያስፈልጋል።»

«ሄጄ ባናግረውስ?»

«ኖ ኖ ኖ! እንዳታናግሪው! ማስፈራራት ይሆንብሻል።»

ጉድ እኮ ነው! ጎረቤትን ማናገር ጥፋት፣ መክሰስ ጨዋነት ሆነ። የላይ ቤቱን ሰው ከስሼ በምን ዓይኔ ነው ደረጃ ላይ የማየው? በአገሬ ወግ ሽማግሌ ላክሁ።

ጋሽ ሙላትና ኦቦ ለማ እሑድ ከሰዓት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሙዝ ይዘው መጡ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይቆምምና እኔ ደረጃው ሥር ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ።

ሰውየው በሩን ከፈተ። ሰባኪዎች መስለውት «ሃይማኖት አለኝ፣ አመሰግናለሁ» አለ።

«ለእርቅ ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ሙላት።

«ከማን ጋር ተጣላሁ?»

«ከታች ቤቷ ልጅ ጋር።»

«እኔ አይቻት እንኳ አላውቅም!»

«ጥሉ እሱ ነው» አሉ ኦቦ ለማ።

«ታዲያ ራሷ ለምን አልመጣችም?»

«እኛ ጋ የተቆጣ ሰው የቀዘቀዘ ሰው ይልካል።»

ሳቁን ሰማሁ። አስገባቸው። ብዙ ሳይቆዩ ኦቦ ለማ ከላይ «ኮቱ! ነይ ውጪ!» ብለው ተጣሩ።

ውስጥ ሚስቱ ማርጋሬት አልጋ ላይ ናት። የመርሳት በሽታ ነው። ሁልጊዜ አራት ሰዓት ላይ ትነቃና ኢያንን ስታየው «ይሄ ሰውዬ ቤቴ ምን ይሠራል?» ብላ ትጮኻለች። ጸጥ የምትለው ፓይፑን ሲነፋላት ብቻ ነው፤ ገና ሳይጋቡ ይነፋላት የነበረ ዜማ አለ። «ያኔ ታውቀኛለች፣ እስክጨርስ ድረስ» አለን። ጋሽ ሙላት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እኔን የያዘኝ ግን ንዴት ነው። እንዲህ ከሆነ ማንን ልጥላ? እሷን የመሰሉትን ሌሊቱን ሙሉ ሳጥብና ሳገላብጥ አድሬ ነው የምመጣው። በሽታውን አውቀዋለሁ፣ ሙዚቃ እንደሚያረጋጋቸውም አውቃለሁ።

«መጦሪያው ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚቀሰቀሱት» አልኩት። «ከሥራ ስመለስ መጥቼ አጥቤ ላስቀምጣት፤ ያኔ ይንፉላት። ከዚያ እኔ ከእንቅልፌ እስክነሳ ስልቻውን ይስቀሉልኝ።»

አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ካለቀሰችስ?»

«ሁለት ሦስት ቀን ብታለቅስ ነው» አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ከሳምንት በላይ አለቀሰች። ከዚያ ለመደች። እኔም ተኛሁ፤ አለቃዬም ዓይኗን ከላዬ ላይ አነሳች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምፁን አሁንም አልወደውም፣ ጥርሴን ያሳክከኛል። ግን የማርጋሬት ጣቶች ብርድ ልብሱን እየመቱ ዜማውን ሲከተሉ ሳይ፣ ኢያን እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ጠዋት የማርጋሬትን ጸጉር አጥቤ እያበጠርኩ፣ ኢያንም ስልቻውን እየሞላ ሳለ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን ኮመዲኖው ላይ አቆምኩት።

«ሴትየዋ ማናት?»

«የላይ ቤቷ ናት፣ እማዬ።»

«ልጅ የላትም?»

«አለቻት። አውስትራሊያ ናት።»

«ትደውላለች?»

«በየሳምንቱ።»

እናቴ እጄን ስታይ ቆየች። «አንቺስ ቀስ ብለሽ ነው የምታበጥሪያት» አለች። «የእኛዋ ትጎትተኛለች።»

«የእኛዋ ማናት?»

«አታውቂያትም፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የገባች ተከራይ ናት። ከሩቅ ነው የመጣችው፣ ምስኪን። ጸጉሬን የምታጥበኝ እሷ ናት።»

እናቴ እጇን ወደ ላይ ማንሳት እንዳቃታት የነገረኝ የለም። በደወልኩ ቁጥር «ደህና ነኝ» ነበር የምትለኝ።

«እማዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ኢያን መንፋት ጀመረ።

«የእኔን ነገር ተይና» አለች እናቴ፣ «ስልኩን ወደ ሰውየው አስጠጊልኝ፤ ልስማው።»