ባሕር ሥር ቧንቧ የዘረጋው በያጅ

ጠሃ ዋና አይችልም። ይህን ምን አለሽ ተራ ውስጥ ያወጣ ቀን ነው ነገሩ የተበላሸበት። ዐሥራ አንድ ዓመት በዓረቦች መርከብ ላይ ሠርቶ፣ ሁለት ሺህ ሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር ሥር ቧንቧ ዘርግቶ ተመልሷል። ሱቁን ከፍቶ ብየዳ ከጀመረ ወዲህ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ «ዋና ሳትችል እንዴት ገባህ?»

«ማን ገባ? ብየዳው መርከብ ላይ ነው» ይላል ጠሃ፣ ለሺኛ ጊዜ። «ቧንቧውን እየቀጠልን እንበይዳለን፣ ብየዳው በራጅ ይታያል፣ መርከቡ ፈቀቅ ሲል ቧንቧው ከኋላ ይወርዳል። ክር መርፌን እንደሚከተል።»

«ብረት ይታጠፋል እንዴ?»

«ሲረዝም ይታጠፋል።»

«ውሃውስ አይጨፈልቀውም?»

«ለዚህ እኮ ነው ወፍራም የሚሆነው። ወላሂ...»

ወላሂ ሲል ይባስ ይስቃሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጠሃ እውነት ግን ሦስት ዓመት አድሮ ጭራሽ ደፈረሰ።

ባያምኑትም ግድ አልነበረውም፤ የከሰል ምድጃ እግር መበየድ ነው ያንገፈገፈው። እጁ ሊረሳ ነው። ስለዚህ ጋሽ ወልደሚካኤል አብነት ለሚያሠሩት ሕንፃ ያስቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ በያጁ ጥሎ ሄዶ መቆሙን ሲሰማ፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ሄደ። መቶ ሰማንያ ሜትር ቧንቧ እየበየዱ ማውረድ ነው። ከዚህ በላይ የእሱ የሆነ ሥራ ከየት ይመጣል?

ያለውን ሁሉ ነገራቸው፤ መርከቡን፣ ጥልቀቱን፣ ቧንቧው በገዛ ክብደቱ እንዳያመልጥ ጨምድዶ የሚይዘውን መሣሪያ። ጋሽ ወልደሚካኤል እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ልጄ፣ እኔ የምፈልገው በያጅ ነው። ተረት ነጋሪ አይደለም» አሉና አሰናበቱት።

ቤት ገብቶ ሲነጫነጭ ሚስቱ ጠሂራ ሰለቻት። «ያንን መርከብህን ተወውና ሰበታ ጉድጓድ ስሠራ ነው የኖርኩት በላቸው» አለችው። ጠሃን አስጠላው። ሰበታን የሚያውቃት በመኪና ሲያልፍ ብቻ ነው። እንቅልፍ ሳይወስደው አድሮ ጠዋት ተመለሰ።

«ጋሼ፣ የትናንቱን ይርሱት» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «የኖርኩት ሰበታ ነው። ጉድጓድ ሥራ ላይ።»

የሽማግሌው ፊት በራ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። «ሰው እውነቱን ሲናገር ከፊቱ ያስታውቃል። ሰኞ ጀምር።»