ትልቁ ጀልባ ሲያጋድል

ዛሬ ጣና ላይ አንዱ «ጉማሬ!» ብሎ ጮኸና ከደብረ ታቦር የሄድን ተሳላሚዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ግራ ሮጥን። ትልቁ ጀልባም አብሮን አጋደለ።

ውሃ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ነጂው «ኧረ በማርያም፣ ወደ ቦታችሁ!» እያለ ይለምናል። ግማሹ ሰው ይጸልያል፣ ግማሹ ፎቶ ያነሳል። እኔ ሁለቱንም ሞከርሁ።

አጠገቤ የነበሩትን የቅኔ መምህር «የኔታ፣ ዋና ይችላሉ?» አልኋቸው።

«እኔ የተማርሁት ቅኔ ነው» አሉና እንደ ጉባኤ ቤታቸው ጮኹ፦ «ሁልህም ቀስ ብለህ፣ አንድ በአንድ ተመለስ!»

እንደ ተማሪ ተራ ይዘን ተመለስን። ጀልባው ቀና አለ።

በመልሱ ስድስት ሰው በምትይዝ ጀልባ መጣሁ። አንዱ ሊነሳ ሲል አምስታችን እግሩን ያዝነው።

እናንተስ «ምነው በትንሹ በሄድሁ» ያላችሁበት ቀን አለ?