ቆሼ መንገድ ላይ የፈላችው መኪና

ሙሀመድአወል እናቱን በቀበረ በአምስተኛው ቀን፣ ቡታጅራ ግቢው ውስጥ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ይቀበላል፣ "አላህ ይርሐማት" ሲሉት "አሚን" ይላል፣ ሲወጡለት ተመልሶ ሞተሩ ላይ ያጎነብሳል። ሚስቱ ሰልሚያ ከደጃፍ ሆና ታየዋለች እንጂ አትናገረውም።

አወል ልብስ ሰፊ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ በገበያ ቀን በየከተማው ያዞራል። መኪናዋን የገዛት አሥራ አንድ ዓመት ስፌት መኪና ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አሮጌ ናት፣ ቀለሟም ለቋል፤ ቢሆንም ከእናቱ ልጆች ሁሉ መኪና የነዳ እሱ የመጀመሪያው ነበር። እናቱ ወደምትኖርበት ወደ ቆሼ ከተማ ይዟት የሄደ ቀን እናቱ ቆርቆሮዋን እንደ ጥጃ እየዳበሰች ረጅም ምርቃት መርቃዋለች።

ሞተሩ መጋል ከጀመረ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ውሃ ይጨምራል፣ ይቀጥላል። "ይቺ የትምህርት መክፈቻ ትለፍና ለመካኒክ አሳያታለሁ" ይል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እህቱ ዘይባ ከቆሼ ደወለች።

"እማ ደክማለች። አወልን ጥሩልኝ ትላለች። ቶሎ ድረስ።"

ሰልሚያን ይዞ ተነሳ። መንገዱ ቅርብ ነው። ግን ከከተማው ወጥተው ብዙም ሳይርቁ መርፌው ሽቅብ ወጣ። ቆሙ፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ከገበሬ ቤት ውሃ ለምነው ሞሉና ቀጠሉ። በሁለተኛው ጊዜ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ተንፎለፎለ። አንድ ግራር ሥር ቆመው ሳለ ሚኒባስ ደረሰ፤ "ቆሼ! አንድ ሰው!" ተባለ።

"ሂድ" አለች ሰልሚያ፣ "መኪናዋን እኔ እጠብቃለሁ።"

"አንቺንም መኪናዋንም ሜዳ ላይ ጥዬ? አሁን ትቀዘቅዛለች፤ ሃያ ደቂቃ ነው።"

"አወል፣ እናትህ ናት እኮ።"

"ሃያ ደቂቃ ነው አልኩሽ!"

ሚኒባሱ ሄደ። ሃያው ደቂቃ አርባ ሆነ። ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ እንደነዳ መርፌው እንደገና ቀዩ ላይ ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ እንደቆሙ ስልኩ ጮኸ። ሲያነሳው ዘይባ ታለቅሳለች። ያኔ አወል ቁልፉን እንኳ ሳይነቅል መንገዱ መሃል ገብቶ የጭነት መኪና አስቆመና ከሰልሚያ ጋር ተሳፈረ። እናቱ በሕይወት ሳለች አልተዋትም ያላትን መኪና ለሬሳዋ ሲል ተዋት።

እንግዲህ ያቺው መኪና ተጎትታ መጥታ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ጎረቤቱ ጋሽ ሰይዶ፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው፣ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ብቻውን ሲታገል አዩትና ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ።

"ራዲያተሩ አያፈስም?"

"አያፈስም። ቬንትሌተሩም ይዞራል። ዘይቱንም አየሁት፣ ውሃ አልገባበትም።"

"በል አስነሳትና ትጋል።"

መርፌው ሲወጣ ሽማግሌው ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ አሳዩት። "ቀስ ብለህ ንካው።"

አወል እንደሚቃጠል ሰው እጁን ሰብሰብ አድርጎ ነካው። "ቀዝቃዛ ነው" አለ ገርሞት።

"ሞተሩ እየነደደ ይሄ ከቀዘቀዘ ውሃው አልዞረም ማለት ነው። የውሃውን መንገድ የሚከፍት የሚዘጋው ተርሞስታት ዘግቶበታል። አሁን እንዳትከፍታት፣ ፊትህን ትልጥሃለች። ትቀዝቅዝ።"

ስትቀዘቅዝ ውሃውን አፍስሶ ሁለት ብሎን ፈታ። የወጣችው ነገር መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ክብ ብረት ናት። ጋሽ ሰይዶ ገለባበጧት። "ቀቅላት። ደህና ከሆነች ውሃው ሲፈላ ትከፈታለች" ብለው ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

ሰልሚያ ድስት ጣደች። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ያያሉ። ውሃው ተንተከተከ፤ ብረቷ የድስቱ ቂጥ ላይ እየተንገጫገጨች እንደተዘጋች ቀረች። አወል ጥቂት ጠበቀ፣ ደግሞ ጠበቀ። ውሃው ሊያልቅ ሆነ።

"ለምን አትናገሪኝም?" አለ ዓይኑን ከድስቱ ሳይነቅል።

"ምን ልበልህ?"

"የሚኒባሱን።"

ሰልሚያ እሳቱን አጠፋች። "ያኔ ነግሬሃለሁ። አሁን ብደግመው አንተን ከማቁሰል በቀር ምን ይፈይዳል?"

ለቅሶ ቤት እንኳ አልወጣ ብሎት የነበረው እንባ ያኔ መጣ። ኩሽናው በር ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

በማግስቱ አዲስ ተርሞስታት ገዝቶ ገጠመ፣ ውሃ ሞላ፣ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። በቀጣዩ አርብ ጠዋት ብቻውን ወደ ቆሼ ነዳ። መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ግራሩን አለፈው፣ ሦስተኛ ጊዜ የቆመበትንም አለፈው። ያን ሁሉ ሰዓት የበላው መንገድ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ዘይባ ደጅ ላይ በርበሬ እያሰጣች ነበር። ሰላም ሳይባባሉ ነገራት፤ ሚኒባስ እንደመጣ፣ አንድ ቦታ እንደነበረው፣ እሱ አልሄድም እንዳለ። እህቱ እጇን ከበርበሬው ላይ አላነሳችም።

"እማ ሁለቴ ስላንተ ጠይቃኛለች" አለች። "መጀመሪያ መንገድ ላይ ነው አልኳት። ቀጥሎ፣ ደርሷል፣ ጫማውን እያወለቀ ነው አልኳት። ዋሸኋት።"

"አመነችሽ?"

"ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።"

ዘይባ ተነስታ ለእጁ ውሃ አመጣችለት። ይቅር አልኩህ አላለችውም፣ አልወቀሰችውምም። ምሳ አቅርባ ከአንድ ሰሃን በሉ፤ የጁምዓ አዛን ሲሰማ አወል ተነስቶ ወደ መስጊድ ሄደ። ከሶላት በኋላ ወደ መቃብሩ ወጣና ሰዉ ሁሉ እስኪበተን እዚያው ቆየ።