ሊፈርስ የተቃረበው የእንጨት መርከብ ማቆሚያ

ቅዳሜ ጠዋት ሲያትል ካለው ሰፈራችን ከሬኒየር ቢች ተነሳን። እኔ ካሜራዬን፣ ጓደኛዬ ዘሃራ መኪናዋን ይዘናል። የምንሄደው ከሲያትል በስተሰሜን ወዳለችው ዊድቢ ደሴት ነው። እዚያ የባሕሩን በር ለመጠበቅ የተሠራ የድሮ ምሽግ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ጨውና ዘመን የበላው የእንጨት መርከብ ማቆሚያ። ማቆሚያው ሊፈርስ ነው ሲባል ሰምቼ፣ ሳይፈርስ ፎቶ ላነሳው ቆርጫለሁ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ለዓመታት የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታኝና ቀኝ እጄ ደከመ። ፎቶ ለማንሳት የሚጫኑት የካሜራ ቁልፍ ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። ባለቤቴ ግርማ ትንሽ እስኪሻልሽ ቆዪ እያለ ወራት አለፉ። ዘሃራ ግን ኦቴሎ ሰፈር ያለውን ሱቋን ለእህቷ ትታ መጣችና «ሶ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

በፌሪው ላይ

ማውንትሌክ ቴራስን እስክናልፍ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ሙኪልቲዮ ስንደርስ ከነመኪናችን ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው ትልቅ ጀልባ፣ ፌሪው ላይ ወጣን። ዘሃራ ጠዋት የጠበሰችውን የምስር ሳምቡሳ አወጣች። ውጭ ነፋሱ ስለበረታ መኪና ውስጥ ሆነን በላን። ቀኝ እጄን ስታይ አየኋትና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ምሽጉ

በዛፎችና በእርሻዎች መሃል ነድተን ምሽጉ ጋ ፓርክ አደረግን። ሣር የለበሰው ጉብታ ውስጡ ወፍራም ኮንክሪት ነው። ከብረት በሮቹ የወረደው ዝገት ግድግዳውን ቡናማ አድርጎታል። መድፎቹ ዛሬም ወደ ባሕሩ እንዳነጣጠሩ ናቸው፤ የተጠበቀው ጠላት ግን አልመጣም።

ካሜራውን በግራ እጄ ደግፌ በቀኜ ለመጫን ሞከርኩ። ጣቴ ዘግይቶ ታዘዘኝ። ደጋግሜ አነሳሁ፤ ሁሉም የተንቀጠቀጠ ሆነ። ዘሃራ ጠጋ ብላ «ልጫንልሽ?» አለች።

«አይሆንም» አልኳት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጠንክሮ ወጣ። ይቅርታ ሳልጠይቃት ወደ ባሕሩ ወረድኩ፤ እሷም ተከተለችኝ።

ማቆሚያው

የመርከብ ማቆሚያው ወለል ተበሳስቷል፤ ምሰሶዎቹ ወደታች እየቀጠኑ ሄደው ሊሰበሩ የደረሱ ይመስላሉ። ጥቋቁር የባሕር ወፎች ላዩ ላይ ተደርድረው ክንፋቸውን ያደርቃሉ። ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ፣ ውሃው እየሞላ ስለሆነ እንድንፈጥን በእንግሊዝኛ ነገሩን።

ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ መደገፊያ፣ ትራይፖዱ ላይ አሰርኩ። ከካሜራው ጋር በሽቦ የሚያያዝ፣ በግራ እጄ የምጫነው ቁልፍ ይዤ ነበር። ምሰሶዎቹን ማንሳት የፈለግሁት ከታች ስለሆነ ትራይፖዱን ውሃው አፍ ላይ አቆምኩት። የመጀመሪያው ማዕበል ሲመለስ ከእግሮቹ ሥር ጠጠሩን ይዞ ሄደ። ካሜራው ሊወድቅ ሲል በክንዴ ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። ከዚያ በላይ ማድረግ አልቻልኩም፤ ቀጥ ላድርገው ብል ይወድቃል፣ ልልቀቀው ብል ባሕር ይገባል።

«ዘሃራ፣ ነይ ያዢልኝ» አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። በቅዝቃዜው ትንፋሿ ተቆረጠ። ጎንበስ ብላ የትራይፖዱን እግሮች በሁለት እጇ ጨብጣ «አንቺ ጫኚ፣ እኔ እይዛለሁ» አለችኝ።

ማዕበሉ ጉልበቷን እስኪያልፍ አልለቀቀችም። እኔም መጫኔን አላቆምኩም።

ወደ ቤት

ስንመለስ የመኪናው ማሞቂያ እግሯ ላይ እየነፈሰ፣ ምሽጉ ላይ ስለተናገርኳት ይቅርታ ጠየቅኳት። መልሷ «ከሳምቡሳው የተረፈ ካለ አቀብዪኝ» ብቻ ነበር።

ማታ ለግርማ ምስሉን አሳየሁት። ምሰሶዎቹ ጥርት ብለው ቆመዋል። ብቻዬን መሥራት እንደምችል ላሳይ ነበር የሄድኩት፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ካሜራዬ ዛሬ ባሕር ውስጥ ነበር።

ሰኞ ዕለት ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። መታመሜን ሰምተዋል፤ ሠርጉን ለማንሳት ትመጪ ይሆን ወይ ብለው በጥንቃቄ ጠየቁኝ።

«እንመጣለን እማማ» አልኳቸው። «ሁለት ነን።»